ውሻዬ እንቁራሪት ነከሰ፤ ልፍራ ወይስ ልተወው?

የአንበሶ እናት (ማታ 3፡25)

ሰላም ቤተሰብ። እባካችሁ ነቅቶ ያለ ሰው ካለ መልስ ስጡኝ።

አንበሶ ትንሽ ውሻ ነው፤ 6 ኪሎ ቢሞላ ነው። ቅድም ሽንቱን እንዲሸና ጓሮ አወጣሁት። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ሳሩ ውስጥ የሆነ ነገር ዱብ ዱብ ሲል አየሁ። ስሙን ጠርቼ ሳልጨርስ አንበሶ በአፉ አፈፍ አደረገው። ጮህኩበት፤ ተፋው። እንቁራሪት ነው። አሁን ራሱን እያራገፈ አፉን በእግሩ ይፍቃል። ለሃጩ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ አረፋም አለው። እንቁራሪት ውሻ ይገድላል እንዴ? ወተት ልስጠው?

ባትሪ በእጄ (ማታ 3፡28)

ወተቱን ተዪው። አሁኑኑ አፉን እጠቢው። ጭንቅላቱን ወደ መሬት አዘንብለሽ ያዢው፤ ውሃው በአንዱ ጉንጩ ገብቶ በሌላው ይውጣ። ወደ ጉሮሮው አትልቀቂበት፤ ትን ይለውና ሳንባው ውስጥ ይገባል። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ድዱንና ምላሱን ጥረጊለት። ጨርቁን እያጠብሽ ደጋግሚው። 10 ደቂቃ ያህል አታቋርጪ። ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ ሳትታጠቢ ዓይንሽን እንዳትነኪ።

ከዚያ ሦስት ነገር ንገሪኝ። ድዱ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ቀጥ ብሎ ይራመዳል? የነከሰው ነገር ቆዳው ለስላሳ ነው ወይስ ሻካራ?

የድሮ ሰው (ማታ 3፡33)

ልጄ፣ አይዞሽ አትደንግጪ። ውሻ ማሳደግ ከጀመርኩ 40 ዓመት ሆኖኛል። እንቁራሪት የለቀመ ውሻ ስንቱን አይቻለሁ። ለሃጩን አዝረብርቦ፣ ውሃ ጠጥቶ ይተኛል። ጠዋት ምንም አይልም።

ባትሪ በእጄ (ማታ 3፡36)

ጋሼ፣ ያሉት ለአብዛኛው እንቁራሪት ልክ ነው። ግን የነከሰው ምን እንደሆነ ገና አላወቅንም። እስክናውቅ ትጠብ። ማጠብ የሚጎዳው ነገር የለም፤ መጠበቅ ግን ሊጎዳው ይችላል።

የአንበሶ እናት (ማታ 3፡49)

አጠብኩት። ሁለት ፎጣ ጨረስኩ። ድዱ ቀላ ብሏል፤ ደም የመሰለ ግን አይደለም። ይራመዳል። ጅራቱንም ትንሽ ቆላልኝ። ለሃጩ ቀንሷል።

ባትሪ ይዤ ስመለስ እንስሳው እዚያው ነበር። አልሸሸም። ሆዱን ነፍቶ፣ በአራት እግሩ ከፍ ብሎ ቆሟል። ቡናማ ነው፤ ገላው ሁሉ ኪንታሮት የበቀለበት ይመስላል። ከዓይኑ ኋላ፣ በግራም በቀኝም፣ ሞላላ እብጠት አለው። በአንደኛው እብጠት ላይ ነጭ ነገር ጠብ ጠብ ብሎበታል። የቁልቋል ወተት ይመስላል። ፎቶ አንስቼዋለሁ።

ባትሪ በእጄ (ማታ 3፡53)

ይሄ ጉርጥ ነው። ያ ነጩ ነገር ደግሞ መርዙ ነው። ፎቶውን እንዳታጠፊው፤ ሐኪም ጋ ከሄድሽ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እሱ ነው። ለሐኪምሽ አሁኑኑ ደውዪ።

አንበሶን አጠገብሽ አስተኚው፤ ዓይንሽ ከሱ አይለይ። ከተንገዳገደ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ድዱ እንደ ሸክላ ከቀላ፣ ያለ ምክንያት ካለከለከ ወይም መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሌሊት ነው አትበዪ። ይዘሽው ውጪ።

ሰናይት (ማታ 4፡02)

አይዞሽ እህቴ። ጨው በውሃ በጥብጠሽ ብታጠጪውና ቢያስመልሰውስ?

ባትሪ በእጄ (ማታ 4፡04)

ሰናይት፣ አሳቢነትሽ ገብቶኛል፤ ይሄን ግን በፍጹም አታድርጊው። ጨው ራሱ ውሻ ይመርዛል። ደግሞ መርዙ የሚገባው በአፍ ሥጋ በኩል ነው፤ ሆድ እስኪደርስ አይጠብቅም። መንገዳገድ የጀመረ ውሻ ሲያስመልስ ደግሞ በሳንባው ሊስበው ይችላል።

የአንበሶ እናት (ማታ 5፡30)

ሐኪሙ በስልክ ተገኘልኝ። ፎቶውን ላኩለት። እሱም ያላችሁትን ነው ያለኝ፦ ቤት ይቆይ፣ ተከታተዪው። አሁን ውሃ ጠጥቶ እግሬ ላይ ተኝቷል። ትንፋሹን እየቆጠርኩ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

ሐኪሟ (ጠዋት 1፡10)

ሌሊት የተጻፈውን አሁን ነው ያነበብኩት። የአንበሶ እናት፣ አያያዝሽ በጣም ጥሩ ነው። እንስሳት ነው የማክመው። ይሄ ጥያቄ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይመጣል፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ ስሙን እንለይ። ብዙ ሰው ለሚዘለው ሁሉ እንቁራሪት ይላል። ቆዳው እርጥብና ልስልስ፣ ወገቡ ቀጠን፣ የኋላ እግሩ ረጅም ሆኖ ተስፈንጥሮ የሚዘለው እንቁራሪት ነው። ደንደን ያለው፣ ቆዳው ደረቅና ጎርበጥባጣ፣ እግሩ አጭር ሆኖ ዱብ ዱብ የሚለው ጉርጥ ነው። በሳይንሱ ጉርጥም ከእንቁራሪት ወገን ነው። ውሻ ላለው ሰው ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

የእንቁራሪት ቆዳ የሚያመነጨው ነገር ይመራል፣ አፍ ያቃጥላል። ውሻው ለሃጩን ያዝረበርባል፤ አንዳንዴ አንዴ ያስመልሰዋል። ከዚያ ይለቀዋል። የድሮ ሰው ጋሼ 40 ዓመት ያዩት ይሄን ነው፤ እውነታቸውን ነው።

ጉርጥ ላይ ግን ከዓይኑ ኋላ ሁለት ትልልቅ እጢዎች አሉ። ፓሮቶይድ ይባላሉ። ጉርጥ እንደ እባብ ነክሶ አይወጋም፤ ጥርስ እንኳ የለውም። እጢውን የሚጨምቀው የውሻው የራሱ መንጋጋ ነው። ስለዚህ ልሶ የተወ ውሻ፣ አንዴ ነክሶ የተፋ ውሻና አኝኮ የዋጠ ውሻ እኩል አይታመሙም። አንበሶ ቶሎ መትፋቱ ጠቅሞታል። ያንቺ ጩኸት ነው ያስተፋው።

በዚያ ነጭ ወተት ውስጥ ቡፋዲኖላይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። የሚሄዱት ወደ ልብ ነው። ለልብ ሕመም የሚታዘዘውን ዲጎክሲን የምታውቁ ትኖራላችሁ፤ አሠራራቸው ከሱ ጋር ይመሳሰላል። የልብ ሕዋስ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ የሚያመላልስበት ፓምፕ አለው። መርዙ ያን ፓምፕ ያግደዋል። ምቱ ይዘበራረቃል። ሌሎቹ ንጥረ ነገሮች ደግሞ ነርቭ ያውካሉ፤ መንገዳገዱ፣ ዓይን መፍጠጡ፣ መንቀጥቀጡ ይከተላል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚጀምረው።

የውሻው ክብደት ብዙ ነገር ይወስናል። ለ40 ኪሎ ውሻ ቀላል የሆነው መጠን ለ6 ኪሎው ከባድ ነው። ቡችሎች ደግሞ ትንሽም ናቸው፣ ያገኙትን ሁሉም አፋቸው ውስጥ ይከታሉ።

የጉርጡም ዓይነት ይለያያል። ብዙዎቹ ጉርጦች ውሻን ያንገላታሉ እንጂ አይገድሉም። በመግደል በይበልጥ የታወቁት ሁለት ናቸው። አንዱ ኬን ቶድ ነው፤ አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ዛሬ ፍሎሪዳ፣ ሃዋይና አውስትራሊያም አለ። ሌላው በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብና በሜክሲኮ ሰሜን፣ በሶኖራ በረሃ የሚኖረው የኮሎራዶ ወንዝ ጉርጥ ነው። እነዚህ ባሉበት አካባቢ የምትኖሩ፣ ጉርጥ የነከሰ ውሻ አፉን አጥባችሁ ምልክት አትጠብቁ። እየሄዳችሁ ደውሉ።

ቢንያም (ጠዋት 1፡42)

ዶክተር እናመሰግናለን። እዚያ ስንደርስስ ምን ይደረግለታል? ማርከሻ መርፌ አለው?

ሐኪሟ (ጠዋት 2፡05)

ለጉርጥ ተብሎ የተዘጋጀ፣ በየክሊኒኩ የሚገኝ ማርከሻ የለም። አፉን እንደገና እናጥባለን። የልቡን ምት በማሽን እንከታተላለን። መንቀጥቀጡን ዲያዜፓምን በመሰለ መድኃኒት እናስቆማለን። ልቡ በጣም ከፈጠነ የሚያረጋጋው፣ በጣም ከቀዘቀዘ የሚያነሳው መድኃኒት ይሰጠዋል። ሰውነቱ ከጋለ እናቀዘቅዘዋለን። በጣም ለጠናበት ውሻ ለዲጎክሲን መመረዝ የተሠራው መድኃኒት የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ መርዙ ስለሚመሳሰል ይይዘዋል።

ሌላው የማልፈልገው ነገር፣ አረፋ የደፈቀውን ሁሉ ጉርጥ ነው ብላችሁ እንድትደመድሙ ነው። የቀንድ አውጣ ማጥፊያ መርዝ የበላ ውሻም እንዲሁ ይንቀጠቀጣል። ፀረ ተባይ የላሰም ለሃጩ ይወርዳል። ንብ አፉን የነደፈችውም አፉን ይፍቃል። ጉርጡን በዓይናችሁ ካላያችሁ ጓሮው ውስጥ ምን እንዳለ ለሐኪሙ ንገሩ።

የሬክስ ጓደኛ (ጠዋት 3፡15)

ይሄን ክር ሳነብ እጄ አላርፍ አለኝ። የኔን ልንገራችሁ።

ኬን ቶድ በሚገኝበት አገር ስንኖር ነው። ሬክስ 9 ኪሎ የሚሆን ቴሪየር ነበር፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ አይምርም። አንድ ማታ ከጓሮ ሲገባ አፉ በአረፋ ተሞልቷል። ሳሙና የበላ ነበር የሚመስለው። እኔም ሳቅኩ። የሆነ ነገር ልሶ ነው ብዬ ውሃ በሳህን አቀረብኩለት። ሊጠጣ ፈልጎ አፉ ሳህኑን ሳተው። ያኔ መደንገጥ ነበረብኝ። አልደነገጥኩም። 'ደክሞት ነው፣ ይተኛ' አልኩ።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄደና ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆመ። ስጠራው አልዞረም። ድዱን ገልጬ ሳይ እንደ ሸክላ ቀልቷል። መኪና ውስጥ ሳስገባው እግሮቹ ተገተሩ። መንገድ ላይ ነው የሞተው፤ ክሊኒኩ በር ላይ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን።

ጠዋት ጓሮ ስወጣ ጉርጡ ሳሩ ላይ ሞቶ አገኘሁት። ከጭብጤ ይበልጣል። አፉን ማጠብ እንዳለብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ውሃውና ጎማው በሩ ላይ ነበር። ስለዚህ 'ምንም አይልም' ብሎ የሚመክር ሰው ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

የድሮ ሰው (ጠዋት 3፡40)

ወንድሜ፣ ነፍስህን ያጽናናት። ትናንት የጻፍኩት ያየሁትን ነው፤ ያየሁት ግን አንድ አካባቢ ያሉትን ብቻ ነው። የአንበሶ እናት፣ ትናንት እኔን ሳትሰሚ ማጠብሽ ደግ ነው።

ሰናይት (ጠዋት 4፡00)

የሬክስ ጓደኛ፣ በጣም አዝናለሁ። ሳታውቅ የሆነ ነው፤ ራስህን አትቅጣ።

ሁለት ቡችላ አለኝ (ጠዋት 4፡20)

እኔ በቃ ወሰንኩ። ጓሮዬ ያሉትን ጉርጦች በሙሉ ዛሬ አጠፋቸዋለሁ። ጨው ልበትንባቸው ነው።

ዝናብ ወዳጅ (ጠዋት 4፡31)

ወንድሜ ቆይ፤ እለምንሃለሁ። ጨው ሲነካቸው የሚሆነውን አይቻለሁ። ቆዳቸው እንደኛ አይደለም፤ በቆዳቸው ነው ውሃ የሚጠጡት፣ በቆዳቸውም ይተነፍሳሉ። ጨው ቁስል ላይ እንደመነስነስ ነው። አሰቃይተህ ነው የምትገድላቸው። የሞተ ጉርጥ ደግሞ መርዙ አብሮት አይሞትም፤ ደርቆ ሣር ውስጥ ቢቀር እንኳ ውሻህ ሊያኝከው ይችላል።

ኬን ቶድን የመሰለ ወራሪ ባለበት አገር ስለ ማስወገዱ የየአገሩ መመሪያ አለ። አውስትራሊያን ተመልከቱ። በ1935 የሸንኮራ አገዳ የሚበላውን ጥንዚዛ ያጠፋልናል ብለው አንድ መቶ ያህል ከሃዋይ አምጥተው ኩዊንስላንድ ውስጥ አራቧቸው። ጥንዚዛውን አላጠፉም። ጉርጦቹ ግን ተባዝተው በመቶ ሚሊዮኖች ሆኑ፤ እነሱን ከሚበሉት የአገሩ እንስሳት አንዳንዶቹ በመርዙ ክፉኛ ተመናመኑ። እሱ የሰው ጥፋት ነው። የአንተ ጓሮ ያለው ግን ምናልባት ከድሮም እዚያው የኖረ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ነፍሳትና ትል ይለቅማል።

ቡችሎችህን ለማዳን ጉርጡን መግደል የለብህም። ሁለቱ እንዳይገናኙ አድርግ። ሲመሽ በባትሪ ጓሮውን እይ። ቡችሎቹን በገመድ ይዘህ ውጣ። ሳሩን እጨድ፤ የተደራረበ እንጨትና ድንጋይ አንሳ፤ የሚያድሩት እዚያ ሥር ነው። ባውዛህን ሌሊቱን ሁሉ አታብራ፤ መብራቱ ነፍሳት ይጠራል፣ ነፍሳቱ ጉርጡን ይጠራሉ።

ሁለት ቡችላ አለኝ (ጠዋት 4፡50)

እሺ፣ ጨውን ትቼዋለሁ። ልክ ነህ፣ ተናድጄ ነው። በውጭ ያለው የውሃ ሳህናቸውስ? አንዴ ጉርጥ ተቀምጦበት አግኝቼ ደፋሁት።

ባትሪ በእጄ (ጠዋት 5፡05)

ሲመሽ ሳህኑን ወደ ቤት አስገባው። ጠዋት አጥበህ አዲስ ውሃ ሙላ። ምግብም ውጭ አታሳድር። ጉርጥ በሳህኑ ላይ መቀመጥ ይወዳል፤ ውሻህ ደግሞ ሊጠጣ ሲሄድ አፍ ለአፍ ይገናኛሉ።

ማህሌት ኩሬ (ጠዋት 5፡30)

እኔ ጋ ያሉት ጉርጥ አይደሉም፤ ኩሬ ውስጥ የሚኖሩ አረንጓዴ እንቁራሪቶች ናቸው። ውሻዬ ግን ይውጣቸዋል። አንድ ሁለቴ አይደለም፤ ልማድ ሆኖበታል። መርዙ ካላሰጋኝ ልተወው?

ሐኪሟ (ቀን 6፡15)

ማህሌት፣ አትተዪው። መርዝ ባይሆን ትል አለ። ስፓይሮሜትራ የሚባል ጥገኛ ትል አለ፤ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ውስጥ ያድጋል፣ ቀጥሎ እንቁራሪት ውስጥ ይገባል፣ እንቁራሪቱን የበላው ውሻ ወይም ድመት አንጀት ውስጥ ደግሞ ይጎለምሳል። ውሻሽ ሊከሳ፣ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ወይም ምንም ሳይታይበት ይኖራል። የተለመደው የትል መድኃኒት መጠን ላይበቃው ስለሚችል ዓይነ ምድሩን አስመርምሪ፤ እንቁራሪት እንደሚበላም ለሐኪሙ ንገሪው።

ሌላው የሳንባ ትል ነው። ዋናው አስተላላፊው ቀንድ አውጣ ነው፤ እንቁራሪትም ግን ተሸክሞት ሊገኝ ይችላል። ውሻው ካሳለ፣ ቶሎ ከደከመው፣ ትንሽ ተቧጭሮ ደሙ አልቆም ካለ ቶሎ ይታይ። ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያውክ ባክቴሪያም አለ። ልጆች ካሉሽ አፋቸውን የሚልስ ውሻ እንቁራሪት እንዲበላ አይፈቀድለትም።

ናቲ (ቀን 7፡00)

እነዚያ ቢጫና ሰማያዊ የሆኑት፣ በፎቶ የምናያቸው መርዘኛ እንቁራሪቶችስ? ዘመዴ በመስታወት ሣጥን ያሳድጋል። ውሻም አለው፤ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ጨነቀኝ።

ዝናብ ወዳጅ (ቀን 7፡22)

ከሁሉ የከፋችው ወርቃማዋ ናት፤ ኮሎምቢያ ውስጥ፣ በፓስፊክ ዳርቻ ደን ነው የምትኖረው። ባትራኮቶክሲን የሚባል መርዝ አላት። የአንዷ ቆዳ ላይ ያለው ብቻ ብዙ ሰው ሊገድል ይችላል። ግን መርዙን የምታገኘው ከደኑ ከምትበላቸው ነፍሳት ነው። በሣጥን ተወልዳ፣ ከውጭ በሚሰጧት ነፍሳት ያደገችው መርዙ የላትም። ስለዚህ የዘመድህ በሣጥን የተወለደች ከሆነች ውሻውን አትፍራለት። ለእንቁራሪቷ ፍራላት እንጂ፤ ክዳኑ በደንብ ይዘጋ።

ለማህሌትም አንድ ነገር። ውሻሽ ጀርባ ላይ የሚንጠባጠብ የቁንጫ መድኃኒት ካደረግሽበት ወዲያው ኩሬ ውስጥ አይግባ። ፊፕሮኒልን የመሰሉት የውሃ ነፍሳትን ይጨርሳሉ። እንግሊዝ አገር ወንዞች ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል።

ሰናይት (ቀን 8፡10)

እኔ ልጠይቅ። ልጄ ጉርጥ ነክታለች። ኪንታሮት ያወጣባት ይሆን?

ሐኪሟ (ቀን 8፡18)

አያወጣባትም። የሰው ኪንታሮት በቫይረስ ነው የሚመጣው፤ የጉርጡ ጉብታ እጢ ነው። እጇን በሳሙና ታጠቢያት፤ በቃ።

የአንበሶ እናት (ከ8 ቀን በኋላ፣ ማታ 2፡40)

ቤተሰብ፣ ሳልመለስ ቆየሁ። አንበሶ ደህና ነው። በማግስቱ ሐኪሙ ልቡን አዳምጦለት ደህና ነው ብሏል።

ሐኪሙ ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። 'ተምሯል ብለሽ አትመኚ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የሚመጡብኝ አሉ' አለኝ። ስለዚህ በየቀኑ 'ተወው' እያልኩ ማሠልጠን ጀመርኩ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ በካልሲ። ቀጥሎ ጓሮ ውስጥ በኳስ። ሲተወው የሚወደውን ነገር እሰጠዋለሁ።

ትናንት ማታ ዘነበ። በገመድ ይዤው ወጣሁ። ባትሪዬን ዞር ሳደርግ ጉርጡ አጥሩ ሥር ተቀምጧል። ያው የፊተኛው ይሁን ሌላ አላውቅም። አንበሶ አየው። ጆሮው ቆመ፤ ገመዱ ተወጠረ። ልቤ መታ። 'ተወው!' አልኩት። ትንሽ አመነታ። ከዚያ ዞሮ ወደ እጄ መጣ።

የሬክስ ጓደኛ (ማታ 2፡52)

እሰይ። ገመዱን ግን እንዳትፈቺው፤ ዝናቡ እስኪያልፍ ድረስ።

የአንበሶ እናት (ማታ 2፡55)

አልፈታውም። ፎጣና በውሃ የተሞላ ጆግም በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ።